ስንት ዓመትዎ ነው? በየትኛው አቆጣጠር?

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በማኅበረሰባችን የጤና ቀን ላይ የተናገርኩት ነው። ጽሑፉን የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ብዙም ሳልነካካ ይኸው።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ እዚያ ኋላ ስልክ ላይ ያፈጠጣችሁ ልጆችም ጭምር፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ስምንት ሰዓት ተባብለን ዘጠኝ ተኩል ላይ ጀመርን። ግድ የለም። እኔም የመጣሁት ስለሚዛባ ሰዓት ላወራ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። በወረቀታችሁ ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለዳችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ኧረ አትፈሩ፣ ኬክ አላስገዛችሁም! (ሳቅ) አያችሁ? የአዳራሹ ሩብ በአንድ ቀን ተወልዷል። አዋላጆቹ እንዴት ቻሉት?

እናቴ ከፊት ተቀምጣለች። አስፈቅጄ ነው የማወራው። እናቴ የተወለደችው በ1948 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። እኔ ልጅ ሳለሁ በሱዳን በኩል ስንወጣ አንድ ቅጽ የሚሞላ ሰውዬ በአስተርጓሚ «መቼ ተወለድሽ?» አላት። «በአርባ ስምንት» አለች። 1948 ብሎ ጻፈ። ወሩን ሲጠይቃት «መኸር ሲሰበሰብ ነው» አለችው። ጃንዋሪ 1 አደረገው። በቃ። እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ስምንት ዓመት ገደማ አረጀች። ወረቀቷ 65 ሲሞላ እሷ ገና 57 ነበረች።

እስቲ ንገሩኝ፣ ሰውዬው ዋሸ? አልዋሸም። የተባለውን ነው የጻፈው። እናቴ ዋሸች? አልዋሸችም። ታዲያ ስምንት ዓመቱ ከየት መጣ? መቁጠሪያው ተቀየረ፣ ቁጥሩን ግን የመነዘረው ሰው አልነበረም። ይችን ነገር ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ። እግረ መንገዴን፣ እኔ ዛሬ ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጅ ነው። ነገርኳችሁ፣ በኋላ እንዳትከሱኝ።

እኔ ዶክተር አይደለሁም። የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ፈሳሽ የምንለካበትን ፒፔት ይዤ ነው የምውለው። ዛሬ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ዕድሜ ከደም እንዴት ይነበባል? ሁለተኛ፣ የላብራቶሪው መሣሪያ ሲቀየር ያ ዕድሜ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ። ሦስተኛ፣ «የሰውነትህን እውነተኛ ዕድሜ እንነግርሃለን» ለሚላችሁ ድርጅት በመቶ የሚቆጠር ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት ምን ትጠይቃላችሁ?

አንደኛው። የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ያያችሁ አላችሁ? የብራናውን። ፊደሉ ተጽፏል። ከፊደሉ በላይ ደግሞ ትንንሽ ምልክቶች አሉ። ፊደሉ ማንም ቢያነበው ያው ነው። ምልክቱ ግን እዚህ ጋ አንሣ፣ እዚህ ጋ ያዝ፣ እዚህ ጋ ርገጥ ይላል። ዲኤንኤም እንዲሁ ነው። ከእናት ከአባት የወረስነው ፊደል አለ። ከፊደሉ ላይ ደግሞ የሚቀመጥ ምልክት አለ። ሜቲሌሽን የሚባለው ይሄ ነው። አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን፣ ይኸው ነው ጠቅላላው። ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ሲ የምትባለው ፊደል ጂ የምትባለውን ፊደል አስከትላ በምትገኝበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በሰው ዲኤንኤ ውስጥ 28 ሚሊዮን ገደማ አለ። ምልክቱ አንድ ጂን፣ ማለትም የሥራ መመሪያ የያዘ የዲኤንኤ ክፍል፣ ይሥራ ወይስ ዝም ይበል በሚለው ላይ እጁ አለበት።

ዕድሜ ሲሄድ ይህ ምልክት ይቀያየራል። አንዳንድ ቦታ ላይ ይጨመራል፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ይለቃል። ይሄ የታየው እንዴት መሰላችሁ? ካሊፎርኒያ፣ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሌላ ጥናት የተሰበሰበ የመንታ ወንድማማቾች ምራቅ ነበር። ስቲቭ ሆርቫት የሚባል የስታቲስቲክስ ሰው ሌላ ነገር ፈልጎበት አጣ። ዕድሜን ሲፈልግበት ግን ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጥናቱ በ2011 ታተመ። የሚገርመው፣ ሆርቫት ራሱ መንታ ነው። በ2013 ወደ 8 ሺህ የሚጠጋ ናሙና፣ ከ51 ዓይነት የሰውነት ክፍል፣ ሰብስቦ 353 ቦታዎችን መረጠ። 193ቱ ከዕድሜ ጋር ምልክት የሚጨምሩ፣ 160ዎቹ የሚቀንሱ። እነሱን አባዝቶ ደምሮ ዕድሜ አወጣ። እንዲህ ያለው ስሌት ነው «ሰዓት» የሚባለው። ደም ይሁን ጉበት ይሁን አንጎል፣ ሰዓቱ ያው ነው። ስህተቱስ? የግማሹን ሰው ከ3.6 ዓመት ባነሰ ስህተት ይገምታል። የቀረውን ግማሽ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስታል። ይህን ቁጥር አትርሱት።

በዚያው ዓመት ሃነም የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ71 ቦታ ብቻ የሚሠራ የደም ሰዓት አወጣ። ከዚያ በኋላ የሰዓት ዓይነት እንደ አሸን ፈላ። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው፣ ዋናው። ይህን ምልክት በምንድን ነው የምናየው? ምልክቱ በዓይን አይታይ፣ በማጉያ አይታይ። በ1992 አውስትራሊያ ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ ዘዴ አወጡ። ዲኤንኤውን ባይሰልፋይት በሚባል ኬሚካል ትዘፈዝፈዋለህ። ምልክት የሌላት ሲ ተለውጣ ቲ ሆና ትነበባለች። ምልክት ያላት ሲ አትነካም። ምልክቱን አላየህም፣ ግን ከዝፍዝፉ የተረፈውን አይተህ ታውቀዋለህ። እኔ ማታ ሥራ ስወጣ ማሽን ውስጥ አስገባለሁ፣ ሌሊቱን ያድራል፣ ጠዋት አወጣዋለሁ። ዲኤንኤው ሲወጣ ተቆራርጧል፣ ተጎድቷል። እንደ በረኪና ነው፣ ያጸዳል፣ ልብሱንም ይበላል።

ከዚያ ቺፕ ላይ ይፈስሳል። ቺፕ ስላችሁ የድንች አይደለም። (ሳቅ) የጣት ያህል ርዝመት ያለው የመስታወት ነገር ነው። ስካነሩ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ያነብና ለእያንዳንዱ ቦታ ከ0 እስከ 1 ቁጥር ይሰጣል። 0 ምልክት የለም፣ 1 ሁሉም ላይ አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል። ቺፑን የሚሠራው ኩባንያ፣ ኢሉሚና፣ ቀደም ሲል 27 ሺህ ቦታ የሚያነብ አወጣ። ከዚያ በ2011 450 ሺህ የሚያነብ መጣ። ከዚያ ከ850 ሺህ በላይ። አሁን ደግሞ ሁለተኛው እትም፣ ከ900 ሺህ በላይ። ስልክ እንደመቀየር ነው፣ አዲሱ ሲወጣ አሮጌውን መሸጥ ያቆማሉ። ብትወድም ባትወድም ትቀይራለህ።

«ታዲያ ብዙ ቦታ ማንበቡ ምን ይከፋል?» ትሉኛላችሁ። አይከፋም። ግን ሲጨምሩ ይቀንሳሉም። ከሆርቫት 353 ቦታዎች ውስጥ ከአስር በላይ የሚሆኑት 850 ሺሁ ቺፕ ላይ የሉም። ከሃነም 71 ስድስቱ የሉም። ሁለተኛው እትም ሲመጣ ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ የነበሩ ንባቦች ተጣሉ። ሆርቫት ይህን የፈራ ይመስላል። ሰዓቱን የሠራው ሁለቱም የድሮ ቺፖች በጋራ ከሚያነቧቸው 21 ሺህ ገደማ ቦታዎች ብቻ መርጦ ነው። ብልህ ነው። ወደፊት የሚመጣውን ቺፕ ግን ከየት ያውቃል?

አሁን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው። (ሳቅ)

አዲሱ ቺፕ የመጣ ሰሞን 24 ናሙና ሠራን። አንድ ቺፕ 8 ሰው ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ሦስት ቺፕ። ከሃያ ዓመት ጎረምሳ እስከ ሰማንያ ያለፉ አዛውንት ድረስ አሉበት። ፕሮግራሙን አስነሣን። ውጤቱ ስክሪኑ ላይ መጣ። ሃያ አራቱም እኩዮች! አያትና የልጅ ልጅ እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ ዕድሜ። አለቃዬ ዝም ብላ አየችው። እኔም ዝም ብዬ አየሁት። «ቡናሽን ጠጥተሽ ነይና እንየው» አልኳት።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? እያንዳንዱ ቦታ ስም አለው። አዲሱ ቺፕ አንዱን ቦታ አንዳንዴ ደጋግሞ ስለሚያነብ ስሙ ላይ ጅራት ተቀጥሎበታል። የእኛ ፕሮግራም ግን የሚፈልገው በድሮው ስም ነው። ፈለገ፣ አንድም አላገኘም። ያላገኘውን ቦታ ደግሞ ቀድሞ በተሰጠው አማካይ ቁጥር እንዲሞላ ታዝዟል። ሞላው። ሁሉንም፣ ለሁሉም ሰው። አላኮረፈም፣ «አላገኘሁም» አላለም። ያላወቀውን ዝም ብሎ ሞላ።

ማንን አስታወሳችሁ? አዎ! ያንን ሰውዬ! መኸሩን ጃንዋሪ 1 ያደረገውን! እኔ ያን ቀን ወንበሬ ላይ ሆኜ ብቻዬን የሳቅኩት ሳቅ ጎረቤት ክፍል ድረስ ተሰማ አሉ።

ይሄስ ደግ ነው። ግልጽ ስህተት ነው፣ በአንድ ቀን ተያዘ። የሚያስፈራው የማያስቀው ስህተት ነው። አሮጌውንና አዲሱን ቺፕ ለማነጻጸር የራሴን ደም ሰጠሁ። ያኔ 46 ዓመቴ ነበር። ከአንድ ቱቦ የወጣ ዲኤንኤ፣ ግማሹ በአሮጌው ቺፕ፣ ግማሹ በአዲሱ። በአሮጌው 43 ወጣ። ደስ አለኝ፣ ቤት ደወልኩ። በአዲሱ 50 ወጣ። ለማንም አልደወልኩም። (ሳቅ)

ያው ደም ነው። ያው ጠዋት ነው የተቀዳው። ያው ሰው ነው የሠራው። ሰባት ዓመት! በእናቴ የደረሰው በኔም ደረሰ። እሷ በቅጽ፣ እኔ በቺፕ።

ለምን? አንዱን ቦታ አሮጌው 0.62 ብሎ ቢያነበው አዲሱ 0.65 ይለዋል። ኢምንት ናት። አንዷን ብቻ ብታዩ ማንም ግድ አይሰጠውም። ግን ሰዓቱ እንዲህ ያሉትን በመቶ የሚቆጠሩ ቦታዎች እያባዛ ይደምራል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ድምሩ ዓመታት ይሆናል። ቺፕ መቀየር እንኳ አያስፈልግም። ናሙናው ቺፑ ላይ ከላይ ተቀመጠ ከታች፣ ማክሰኞ ተሠራ ሐሙስ፣ ይሄም ቁጥሩን ይነካካል።

ይሄ የእኔ ብቻ ጉድ አይደለም። በ2022 አልበርት ሂጊንስ ቼን፣ ሞርጋን ሌቪንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ሥራ አለ። ያንኑ የደም ናሙና ሁለት ጊዜ ሲለኩ፣ ስመ ጥር በሆኑት ሰዓቶች ላይ ልዩነቱ እስከ 9 ዓመት ይደርስ ነበር። ዘጠኝ ዓመት፣ ያው ደም! ደግነቱ መፍትሔም አምጥተዋል። አንድ አንድ ቦታን ከማመን ይልቅ ከ70 ሺህ በላይ ቦታዎች አብረው ሲንቀሳቀሱ ያለውን አካሄድ መያዝ። ማኅሌት ላይ አንድ ደብተራ ቢስት ዜማው ይጠፋል? አይጠፋም፣ ሌሎቹ ይዘውታል። እንደዚያ ነው። በዚህ ዘዴ ልዩነቱ በአብዛኛው ወደ አንድ ዓመት ተኩል ወረደ። የኔንም ደም በዚህ መንገድ አስልተን ነበር፣ ሁለቱ ቺፖች ተቀራረቡ። ስንት እንዳለኝ ግን አልነግራችሁም።

ነገ ደግሞ ቺፕ ጭራሽ ይቀር ይሆናል። ናኖፖር የሚባል መሣሪያ አለ፣ ዲኤንኤውን በቀጭን ቀዳዳ እያሾለከ ምልክቱን በቀጥታ ያነባል። መዘፍዘፍ የለ፣ መቆራረጥ የለ። በኢንዛይም የሚሠራም አለ፣ ዲኤንኤውን እንደ ባይሰልፋይት አያደቀውም። እኔ በግሌ ባይሰልፋይት ቢቀር ዕልል ነው የምለው። ግን ልብ በሉ፣ በቺፕ የተሠራ ሰዓት ወደ እነዚህ ሲሻገር ያው የመመንዘር ሥራ እንደገና ይጀመራል። ያውም ማንም የማያየው፣ ማንም የማያመሰግነው ሥራ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ፤ በተለይ እዚህ ያላችሁ የሕክምና ተማሪዎች። አንድ ሕክምና ስትሞክሩ፣ ከሕክምናው በፊት የተቀዳውን ደም በአሮጌው ቺፕ፣ ከሕክምናው በኋላ የተቀዳውን በአዲሱ ቺፕ እንዳትለኩ። እባካችሁ! አዲሱ ቺፕ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ካነበበ ሰውዬው በዓመታት ወጣት ሆኖ ይወጣል፣ ለእናንተም ይጨበጨብላችኋል፣ ወጣት የሆነው ግን ቺፑ ነው። ሁሉንም ፍሪዘር ውስጥ አቆዩና በአንድ ጊዜ፣ አደባልቃችሁ ሥሩት።

ሦስተኛው። ገንዘባችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ምን ትጠይቃላችሁ? መጀመሪያ፣ «የትኛው ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም አንድ ነገር አይለኩም። የሆርቫት የልደት ዕድሜን ይገምታል። ግሪምኤጅ የሚባለው ሞት መቼ እንደሚቀርብ ለመገመት ነው የተሠራው፣ ስሙም ያስፈራል። ደኒዲንፔስ የሚባለው ደግሞ ዕድሜ ሳይሆን ፍጥነት ነው የሚናገረው። ኒውዚላንድ፣ ደኒዲን ከተማ፣ በ1972 እና 73 የተወለዱ 1,037 ሕፃናትን ከልጅነት ጀምሮ ተከታትለው፣ ማን ቶሎ እያረጀ እንደሆነ አይተው ነው የሠሩት። አሜሪካ ውስጥ ካለሪ የተባለ ጥናት ነበር። ሰዎች ለሁለት ዓመት ምግብ ቀነሱ። በደኒዲንፔስ ሲለካ የእርጅናው ፍጥነት ከ2 እስከ 3 በመቶ ቀነሰ። በግሪምኤጅ ሲለካ ለውጥ የለም። ያው ሰዎች፣ ያው ጾም። ታዲያ ማስታወቂያው ላይ የትኛው እንደሚጻፍ እናንተው ገምቱ።

ቀጥሎ፣ «የኔን ናሙና ሁለት ጊዜ ብትሠሩት ልዩነቱ ስንት ነው?» በሉ። መልስ ካጡ ብራችሁን ወደ ኪሳችሁ። ደግሞም ከምራቅ ነው ከደም? ሰዓቱ በደም ተሠርቶ እናንተ ምራቅ ከላካችሁ አሁንም ያልተመነዘረ ቁጥር ነው። ጉንፋን ይዟችሁ ደም ብትሰጡም የደም ሴሎች ድብልቅ ስለሚቀየር ቁጥሩ ሊነካ ይችላል።

የመጨረሻው ጥያቄ እኔን በግሌ ያመኛል። «ሰዓቱ በማን ደም ነው የተሠራው?» የሃነም ሰዓት የተሠራው በ656 ሰዎች ደም ነው። ነጮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው። እኛ የለንበትም። ይሄ ለቅንጦት አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ጥገኝነት የጠየቁ ስንት ልጆቻችን 18 ሞልቷችኋል አልሞላችሁም ተብለው የእጅ አጥንታቸው ራጅ ተነሥቷል? ያ ራጅ የሚነጻጸርበት የቆየ መለኪያ የተሠራው ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ፣ በ1930ዎቹ ደኅና ኑሮ የነበራቸው ነጭ ልጆች እጅ ላይ ነው። የጎጃም እረኛ እጅ አይደለም። አሁን ሜቲሌሽንም ለዚህ ይሁን እየተባለ ይጠናል። ከራጁ ሊሻል ይችላል። ግን 3.6 ዓመት አትርሱ አላልኳችሁም? 17 እና 18ን የሚለይ ቢላ እንዲህ ዱልዱም ሊሆን አይችልም። ሰዓቱን በእኛም ደም ያስሞክሩት፣ ስህተቱን በግልጽ ይጻፉት፣ ከዚያ እናወራለን። ለጥናት ደም ስጡ ስትባሉም እንደ ድሮው አትሽሹ። ካልገባንበት መለኪያው መቼም የኛ አይሆንም።

ይቅርታ፣ ጮኽኩ መሰለኝ።

አዘጋጆቹ ሰዓት አለቀ እያሉኝ ነው። በቀኝ በኩል ነርሶቹ ደም ግፊት እየለኩ ነው። ነጻ ነው፣ ቺፕ የለው፣ ባይሰልፋይት የለው። እማማ፣ እርስዎ ባለፈው ዓመት ሳይለኩ ነው የወጡት፣ አይቼዎታለሁ።

ጥያቄ ያለው? ጋሼ እጃቸውን ካወጡ ቆዩ። ማይኩን ለእሳቸው ስጡልኝ።